ዲናሞውን ማን አዞረው?

ኮረብታዋ ዛሬም ከቆቦ ትታያለች። ከመናኸሪያው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ከዞብል ተራራ እግር ሥር ጉብ ያለችው ናት። አሁን ፍየል ይወጣባታል። እኛ በወጣንበት ዘመን ስም አልነበራትም፤ በካርታ ላይ በቁጥር ነበር የምትጠራው። ቁጥሩን አልረሳሁትም፣ ግን አልጽፈውም። እዚያ የቀሩት ሰዎች በቁጥር እንዲታወሱ አልፈልግም።

ስለዚያች ኮረብታ በዚህ ከተማ ብዙ ተወርቷል። አውርተው የማይጠግቡት ግን አንድ ነገር ነው፤ «ሬዲዮ የያዘችው ሴት ተኝታ ነው ያለቁት» ይላሉ። ሬዲዮ የያዝኩት ሴት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት መቶ አለቃችን ሲቀበር፣ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው ይህንኑ ደገመው። ስሜን አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በለቅሶ ላይ ክርክር አይነሣም። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ቆሜ ሰማሁ። ከለቀስተኛው መካከል ሰይድን አየሁት። እሱ ብቻ አልዞረም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። መቶ አለቃው ከሞተ በኋላ እውነቱን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር የቀረው።

የመውጫ ትእዛዝ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነው። ሜዳውን አቋርጠን ኮረብታዋን እንድንይዝ፣ ሌላ ጦር እስኪተካን እንድንቆይ ተነገረን። ሠላሳ ሁለት ሆነን ወጣን። ምሽግ ቆፈርን። ብዙም ሳንቆይ ከኋላችን ያለው መንገድ ተቆረጠ። ውሃ የሚያመላልሱት በቅሎዎች መምጣት አቆሙ። ያኔ ጠላት እንላቸው ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸውና እኔ ከአንድ ገበያ ማሽላ እንሸምታለን፣ ስለዚህ «እነዚያ» ብዬ ልለፈው። እነዚያ ዙሪያችንን ያዙ።

ሰው ሲከበብ መጀመሪያ የሚያልቅበት እንቅልፍ ነው፤ ውሃ ከዚያ በኋላ ነው። ቀን ድንጋዩ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከምሽግ ቀና ያለ ይመታል። ሌሊት እነዚያ ከታች ሆነው ቆርቆሮ ይደበድባሉ፣ አንድ ሁለት ጥይት ይተኩሳሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ደግሞ ይጀምራሉ። እንዳንተኛ ነበር። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን በተራ እናሸልባለን። አንዱ ሲነሣ ሌላው ወደ ኋላ ይወድቃል። ገብሬ የሚባል መትረየስ ተኳሽ ነበረን፤ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል።

«ገብሬ፣ ነቅተሃል?» እንለዋለን።

«ግማሼ» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ህልም እንነጋገር ነበር። ይህ በወሎ የቤት ወግ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ «ህልም አየሁ» ሲል፣ ክርስቲያኑ «በጎ ነው»፣ ሙስሊሙ «ኸይር ነው» ይለዋል፤ ከዚያ ህልሙን ይናገራል፣ የሚያውቅ ይፈታለታል። ህልም እንደ ፈቺው ነው። ለዚህ ነው አፈ ክፉ ለሆነ ሰው ህልም የማይነገረው።

በኮረብታዋ ላይ ፈቺው መቶ አለቃው ሆነ። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ገብሬ ጥርሱ ሲወልቅ አየ። «በጎ ነው! ራሽን በሌለበት ጥርስ ምን ይሠራልሃል?» አለው። ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ሰዎቹ ጎህ ሲቀድ አፉን አፉን ያዩት ጀመር። ውሃው ባለቀ መጠን ህልሙ በረከተ።

ሰይድ የጎብዬ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ሬዲዮ ላይ ተመድቦ ነበር። አንድ ጠዋት «ህልም አየሁ» አለ።

«ኸይር ነው!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው ደርቆ ሳለ፣ ከምዕራብ ከደጋው ጎርፍ መጣ። ወንዙን ሞልቶ አባቴ ማሳ ድረስ ገባ። አባቴ አካፋውን ተደግፎ ይስቃል።»

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ በህልም ጎርፍ ያየ ሰው ስለት ይሳላል። ለራያ ቆላ ገበሬ ግን ጎርፍ እንጀራው ነው። ዝናቡ ደጋ ይዘንባል፤ እሱ ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባና ይዘራል። ጎርፍ ካልመጣ ማሽላ የለም። መቶ አለቃው ይህን ያውቃል። ተነሥቶ የሰይድን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ከምዕራብ የሚመጣው የወገን ጦር ነው። ሊያወጡን እየመጡ ነው፣ ጎበዝ!»

ከገዛ ኮዳው አጠጣው። ሰይድ ሲጠጣ ሁላችንም ጉሮሮውን እናይ ነበር። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ኮረብታዋ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞረ።

አሁን ስለ ሬዲዮው ልብ በሉልኝ። ጉድጓዱ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ በኮረብታዋ ጀርባ ነበር። ለመስማት ባትሪ ይበቃል። ለመናገር ግን ሰው ተቀምጦ የእጅ ዲናሞውን በሁለት እጁ ማዞር አለበት። ከባድ ነው፤ ጎረምሳውንም ላብ በላብ ያደርገዋል። እሱ ካላዞረ እኔ ድምፅ የለኝም። አዟሪው ሰይድ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ዋናው ጦር በሬዲዮ ጠራኝ። ድምፁ ደካማ ነው፤ ቃሉ ግን ግልጽ ነው። «አትጠብቁን። መንገዱ ተዘግቷል። ከበባው በምሥራቅ በኩል ሳስቷል፤ ሲጨልም በዚያ ውረዱ።»

«አዙር» አልኩት ሰይድን። አዞረ። ቃሉን አንድ በአንድ ደገምኩላቸው። «ትክክል ነው» አሉኝ። ሰይድ ግንባሩን በእጅጌው ሲጠርግ ትቼው ወደ መቶ አለቃው ሮጥኩ።

ሰምቶኝ ሲያበቃ ዓይኔን አየና «ከተኛሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አለኝ።

«እንደ ሁሉም ነኝ ጌታዬ።»

«አሸልቦሽ ነው። ህልም አይተሽ ነው፣ አስር አለቃ።» ዙሪያውን ወዳሉት ዞረ። «ሴት ናት፤ ህልሟም ውረዱ ውረዱ ነው የሚለው።»

ሳቁ። ገብሬም ሳቀ።

«ሰይድ ዲናሞውን አዙሮ መልስ ሰጥቻለሁ። ይጠይቁት።»

ሰይድ ተጠራ። «አዙረሃል?» አለው።

ሰይድ እኔን አየኝ። ከዚያ የመቶ አለቃውን ኮዳ አየ። «ኧረ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ጌታዬ» አለ።

መቶ አለቃው የዲናሞውን እጀታዎች አስነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። «ዳግመኛ ህልም እንዳታስተላልፊ» አለኝ። እስኪመሽ ባትሪውም ደከመ። ሬዲዮው ባዶ ሳጥን ሆነ፣ እኔም የሳጥን ዘበኛ። ጨለመ። የምሥራቁ ቁልቁለት ከፊቴ ክፍት ነበር፤ የሚወርድበት ግን የለም። ብቻዬን ብወርድ ከዳች እባላለሁ። ብቀመጥ የሚሆነውን አውቃለሁ። ተቀመጥኩ።

ለመቶ አለቃው የሚገባውን ልስጠው። ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ኮረብታ የለቀቀ መኮንን በዚያ ዘመን ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን አልነቅፍበትም። በእኔ እንቅልፍ ስለ ሸፈነው ነው የማልምረው።

ጎህ ሲቀድ ከምዕራብ አቧራ ታየ። ሰው በሰልፍ ይመጣል። ከእኛ አንዱ «ጎርፉ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰዎቹ ከምሽግ ወጡ። ባርኔጣ አውለበለቡ። ገብሬ መትረየሱን ትቶ ቆመ፤ ያን ጠዋት ሁለመናው ነቅቶ ነበር። ሰልፈኞቹ ቀረቡ። እነዚያ ነበሩ። ተኮሱ። ገብሬ መጀመሪያ ወደቀ። ወደ ምሽጉ ለመመለስ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትወጣ አለቀ። የተረፍነው በምሥራቁ ቁልቁለት ወረድን፤ በጨለማ ውረዱ በተባልንበት በዚያው መንገድ፣ በቀን ብርሃን፣ ከላይ እየተተኮሰብን።

መቶ አለቃው ሪፖርት ሲያደርግ፣ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ተኝታ መልእክቱን አልተቀበለችም አለ። ከሬዲዮው ማዶ «ትክክል ነው» ያለኝ ሰው በዚያው ጦርነት ጠፍቷልና የሚጠየቅ አልነበረም። ሰይድ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ማዕረጌን ገፈፉኝ። ሠራዊቱ ሲበተን ቆቦ ገብቼ ቅመም እየሸጥኩ ኖርኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም ብል ሰው አያምነኝም፤ እንደ ሰው የሚባል እንቅልፍ ግን አልነበረኝም። ዓይኔ ሊከደን ሲል አፌ ራሱ «ነቅቻለሁ!» ይላል። ባሌ በሕይወት ሳለ «ማን ጠየቀሽ?» ይለኝ ነበር። የከፋው ግን ይህ አይደለም። አገር ሁሉ ተኝተሽ ነበር ሲል፣ ሰው ውሎ አድሮ ራሱን ይጠረጥራል። ያን ድምፅ እውነት ሰምቼው ነው? ዲናሞው ሲጮኽ ሰምቼ ነበር? ወይስ አልሜው ነው? ከኮረብታዋ ወረድኩ፤ ከዚህ ጥያቄ ግን መውረጃ አጣሁ።

በቅርቡ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ አየችኝ።

«ከሰዓት በኋላ ቡና ይተዉ፣ እማማ። ቀን አይተኙ። እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ደግሞ አልጋ ላይ አይገላበጡ፤ ተነሥተው ይቀመጡ።»

«መቀመጡንማ ተክኜበታለሁ፣ ልጄ።»

ሳቀች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንቅልፍ ነው የሚያጡት፣ ወይስ መተኛት ነው የሚፈሩት?»

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ጎብዬ ወረድኩ።

ሰይድ ግቢው ውስጥ ከግራር ጥላ ሥር ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል። ሚስቱ ዘሃራ ማሽላ ታበጥራለች።

«አስር አለቃ!» አለኝ። ከተገፈፍኩ ወዲህ በዚያ ማዕረግ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ጠሪው እሱ መሆኑ አናደደኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ዲናሞውን አዙረህ ነበር?»

«ያረጀ ነገር ነው እኮ እህቴ። ማን ያስታውሰዋል?»

«ህልምህንስ ታስታውሳለህ?»

ፊቱ በራ። «እሱንማ! አባቴ አካፋውን ተደግፎ ሲስቅ።»

«ህልምህን አስታውሰህ እጅህን ረሳኸው?»

ዘሃራ ቀና አለች። «የምን ዲናሞ ነው፣ እትዬ?»

«ሬዲዮ የሚናገርበት። ተቀምጠው በሁለት እጅ ያዞሩታል» አልኩና በባዶ እጄ አዙሬ አሳየኋት።

ሰፌዱ እጇ ላይ ቀረ። «በሞትኩት! ይሄ ነው እንዴ?» ወደ ባሏ ዞረች። «ካገባኝ ጀምሮ ሲተኛ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ልክ እርስዎ እንዳሳዩኝ፣ በሁለት እጁ፣ ላብ እስኪያጠምቀው። ሌሊቱን ምን ስትፈጭ ታድራለህ እለዋለሁ፤ ምንም ይለኛል። በክርኑ ደረቴን እየመታኝ ነው መኝታ የለየሁት!»

ሰይድ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ አያቸው።

«ወላሂ አዙሬያለሁ» አለ። «ውረዱ ያሉትንም ሰምቻለሁ። ነቅተሽ ነበር።»

«ለምን?»

«ህልሜን ወደድኩት። ከዚያ በፊት የተናገርኩትን ሰው አዳምጦት አያውቅም። ያንቺ ቃል እውነት ከሆነ የኔ ህልም ውሸት ሊሆን ነው።» ድምፁ ደከመ። «አውፍ በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅርታውን ገብሬን ጠይቀው። ከእኔ የምትፈልገው ካለ ግን ለቅሶው ላይ የሰሙት ሰዎች ይስሙህ። እንደ ዛሬው ቁጭ ብለህ፣ በቀን።»

«እነግራለሁ» አለ።

ዘሃራ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ሰይድ ጉሮሮዬን ያይ ነበር።

ይንገር አይንገር አላውቅም። የሰይድን ቃል አንድ ጊዜ አምኜ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ስለዚህ እኔው ጻፍኩት። ሠላሳ ሁለት ሆነን ወጣን፣ ሰባት ሆነን ወረድን። ሃያ አምስቱ እዚያው ናቸው። ገብሬም፣ ሲስቁብኝ የነበሩትም አሉበት። በመሳቃቸው አልቀየምኳቸውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ይመጡልሃል ያለውን ነው የሚያምነው። ለእነሱ የምመኘው ፀጥ ያለ መኝታ ብቻ ነው፤ በሕይወታቸው ሳሉ አላገኙትም።

ከጎብዬ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። የወጣንበት ሰዓት ትዝ ይለኛል። መንገድ ላይ ያለችውን ሮቢትን ማለፋችን ግን ትዝ አይለኝም። አንዲት ሴት በቀስታ ነካችኝ።

«እማማ፣ ቆቦ ደርሰናል። ትከሻዬ ላይ እኮ ነው የመጡት።»

ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኗል። አፌ ምንም አላለም። ያን ቀን ተኝቼ ነበር፤ ይህን ማንም ቢመሰክርብኝ አልከራከርም።