የሐሙሱ ጫት

ሐረር ሂሳብ ላስተምር ስመደብ ከጎጃም ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣና የመጠጥ አመል ነበር። ሻንጣው ቶሎ አረጀ፤ አመሉ ግን ጎለመሰ። ንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ምያለሁ፣ ጠበልም ገብቻለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ድሬዳዋ እናቷ ቤት ገባች። «ሦስት ወር ሳትጠጣ ቆይ፤ ያኔ ልጅቷን ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ብትቀምስ ግን አትጠብቀን» አለችኝ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስትሄድ አልሳመችኝም፤ ሽታዬን ትጠላዋለች።

ለጨጓራዬ መድኃኒት ልቀበል ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ እጄ ሲንቀጠቀጥ አየች። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጠጥ የሚተዉ ሰዎች እዚህ ጓሮ ይሰበሰባሉ፤ ለምን አትመጣም?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሰካራም ማለት መንገድ ዳር የሚወድቀው ነው፤ እኔ መምህር ነኝ፣ የምወድቀውም ቤቴ ገብቼ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ግን ቤቱ ጭር አለብኝና ሄድኩ።

ክፍሉ ባዶ ካርቶን የሚከመርበት መጋዘን ነበር። ሰባት ያህል ሰዎች በሁለት አግዳሚ ወንበር ተጣበው ተቀምጠዋል። ስብከት ጠብቄ ነበር፤ የሰበከኝ የለም። እያንዳንዱ በተራው ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ በቃ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል እስከዚያ ድረስ ለተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ ያስገረሙኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከሶፊ የሚመጡ አንድ ገበሬ ናቸው። ስልሳ ያለፋቸው ሙስሊም ሽማግሌ ሲሆኑ ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው የሚገቡት። «መምህር፣ አንተ ብትጠጣ ሰው ይስቅብሃል። እኔ ብጠጣ ግን ሐራም ነው አቦ፤ ሴት ልጆቼን ማን ያገባልኛል?» አሉኝ። ቤታቸው የሚያውቀው የደም ግፊት ኪኒን ሊወስዱ እንደሚመጡ ነው።

ሳልቀምስ ሁለት ወር አለፈኝ። አንድ ሐሙስ ነርሷ ለሥልጠና ሄደችና ስብሰባውን እንድመራ ለእኔ ተወችው። ሽማግሌው ደግሞ ለውለታችን ብለው ከራሳቸው ማሳ የተቆረጠ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ ጫት ይዘው ከች አሉ። ሰው ከገዛ ማሳው ቆርጦ ያመጣልህን ጫት እምቢ ማለት እዚህ አገር ነውር ነው። በዚያ ላይ ደንባችን የሚከለክለው መጠጥን እንጂ ጫትን አይደለም። የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ አላነብም። ፈቀድኩ።

እንዴት ያለ ስብሰባ ነበር! አንድ ቃል የማይወጣው ጡረተኛ ወታደር ሳይቀር አወራ። እኔም በሐሳቤ የራሴን ትምህርት ቤት ከፈትኩ፣ ርዕሰ መምህሩንም ቀጠርኩ። የረሳነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብዛኞቻችንን ያጠፋን ጨብሲ ነበር። ሰው ቅሞ ይነቃል፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንበተን አፌ ደርቋል፣ ልቤ ይደልቃል፣ እግሬም ሳላዘው ወደ ድሮው መጠጥ ቤት ዞሯል።

«መምህር፣ ወዴት ነው?» አሉ ሽማግሌው ከኋላዬ።

«ወደ ቤት።»

«ቤትህ በዚያ አይደለም አቦ።»

እንዳልሰማ ሆኜ ሁለት እርምጃ ቀጠልኩ።

«የእኔም እግር ወደዚያው ነው ያለው» አሉ ቀስ ብለው። «አስተግፊሩላህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሁለታችንም አጥፊ ነን። ና፣ እንሂድ።»

የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል ይዘን ከበር ወደ በር ተጓዝን። መሀል ላይ ቆሜ «አንድ ብቻ ጠጥቼ ልመለስ» ብያቸዋለሁ። አላፍርም፣ ለምኛቸዋለሁ። ክንዴን ይዘው አልለቀቁኝም፤ ገበሬ ከያዘ ቀልድ የለም። ፈላና በር ስንደርስ ከሶፊ የመጡ ሴቶች ወተት ይሸጡ ነበር። ወተት ምርቃና ይሰብራል ይባላልና ቆመን በጣሳ ጠጣን። ልቤ ትንሽ ሰከነ።

ያኔ ባለቤቴ ደወለች። ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፤ የምትፈልገው ወሬዬን ሳይሆን ድምፄን መስማት ነው። ምርቃናው ጨርሶ አልለቀቀኝም ነበርና አፌ ይቸኩላል።

«ጠጥተሃል» አለች።

«ማርያምን አልጠጣሁም!»

ይህንን መሐላ ስንት ጊዜ በሐሰት እንደማልኩት እሷም እኔም እናውቃለን። «እሺ፣ በቃ» አለች በደከመ ድምፅ። ልትዘጋው መሆኑ ገባኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል በስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«ልጄ፣ ወላሂ ባልሽ አልጠጣም! አብሬው ነኝ። እኔም ጠጪ ነኝ፤ አንድ ላይ ነው የምንተወው!»

ወተት የምትቀዳው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። የጎረቤታቸው ምራት መሆኗን በኋላ ነግረውኛል። ሽማግሌው አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ብዬ ነበር።

«አዎ፣ ጠጪ ነበርኩ» ብለው ለእሷም ደገሙላት።

ስልኩ ሲመለስልኝ ባለቤቴ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ከኋላ ልጄ «እማዬ፣ አባዬ ምን ሆነ?» ስትል ሰማሁ።

«ምንም አልሆነም» አለቻት። «አባትሽ ደህና ነው።»