ጋዝ ያልኩ ቀን

በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ ኬሚስትሪ ተምሬ ስመለስ፣ እናቴ መርካቶ ቅመም ተራ ኮረሪማ ትሸጥ ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ ጎረቤት ነጋዴዎች ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «የኮረሪማን መዓዛ በጋዝ ማውጣት» አልኳቸው።

አፌን በቆረጠው! መርካቶ ውስጥ ጋዝ ማለት ምድጃና ፋኖስ ላይ የሚነደው ላምባ ነው። እኔ ያልኩት ግን ለስላሳ ሲከፈት እሽ ብሎ የሚወጣውን አየር ነበር። ያ አየር በብርቱ ግፊት ታምቆ ለብ ሲል፣ አየርም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆናል፤ እንደ አየር ፍሬው ውስጥ ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ ዘይቱን ያሟሟል። ግፊቱ ሲለቀቅ ዘይቱን ትቶ ይሄዳል። መልሶ ታምቆ ይሠራበታል እንጂ ወንዝ የሚደፋ መርዝ የለውም። ይህን ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ሲኒማ ራስ ደርሶ ተመልሷል፦ «የእሷ ኮረሪማ ላምባ ነክቶታል።»

የእናቴ ደንበኞች ሸሹ። እሷ ግን ለመጣው ሁሉ፣ «የልጄ እጅ ንጹሕ ነው!» እያለች ትሟገታለች። በአንዲት ቃል የእንጀራ በሯን ዘጋሁባት ብዬ አንገበገበኝ። አልቅሼ የምተወው ነገር ግን አልነበረም።

እዚያው ጀርመን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ከአገሬ በወሰድኩት ኮረሪማ በገዛ እጄ ያወጣሁት ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ነበረኝ። ይዤው ወሬውን ያራቡት ሽማግሌ ነጋዴ ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ መዳፍዎን ይስጡኝ።»

«ላምባሽን ወዲያ!»

«ላምባ ከሸተተዎት እዚሁ እሰብረዋለሁ።»

ቅመም ተራ ዕቃ የሚፈተነው በመዳፍ ነው። ይታሻል፣ ይሸተታል፤ ነጋዴው ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ደግሞ ያሸተዋል። የተደበቀ ነገር የሚጋለጠው በሁለተኛው ነው። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ያንጠባጠብኩትን አሹ፣ አሸተቱ። ሁለት ገዢ አስተናገዱ። እኔም ንቅንቅ አላልኩም። እንደገና መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ኧረ ኮረሪማ ነው! ከነነፍሱ!»

ቀጥ ብለው እናቴ ሱቅ ሄዱ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሰዉም እኔው እነግራለሁ» አሏት።

እናቴ ብልቃጡን ከእጄ ተቀብላ አንድ ጠብታ መዳፏ ላይ አሸች። አሸተተችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ላምባ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ለካ ያን ሁሉ ቀን የተሟገተችልኝ፣ እሷም ላምባ ነው ብላ አምና ነው።