የወንድሜ እግር በካኪ ወረቀት ላይ

ሬዲዮ የምንለው ሰው ሲደውልልኝ የስልኩ እጀታ እጄ ላይ ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። የወንድሜን ጫማ የሚሠራው ቤት ስልክ የሚያነሳው ረቡዕ ረቡዕ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ቁርሴን ሳልቀምስ ወንበር ስቤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ተይዟል። ለስድስተኛው ልሞክር እጀታውን ሳስቀምጠው ራሱ ጮኸ። እነሱ ስለመሰሉኝ ሰላምታም ሳላስቀድም፣ «ስለ ወንድሜ ጫማ ነው፤ ጠቦታል» አልኩ።



«እትዬ» አለኝ ከወዲያ በኩል።

ሬዲዮ ከወንድሜ ጋር አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ወሬው ስለማይቋረጥ ስሙን ያወጡለት ደንበኞች ናቸው። ያን ቀን ግን ከ«እትዬ» ቀጥሎ ቃል ጠፋው። ሬዲዮ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበርና፣ ሳይነግረኝ ገባኝ።

«ይምጡ» አለኝ በመጨረሻ። «ጋሼ... ብቻ ይምጡ።»

ምድጃውን አጠፋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። የትዕዛዙን ቁጥር የጻፍኩባትን ቁራጭ ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ላይ ትኩሳት ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛ። ሲነሳ ግራ እግሩ ሰነፈች፤ ልጁ ሲያድግ እሷ ወደ ኋላ እየቀረች ሄደች። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከቀኙ አራት ጣት ታንሳለች። አባታችን ከጫማው ሥር እንጨት እየመታ ያስተካክልለት ነበር፤ እንጨቱ ግን ዝናብ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ልጁም መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን አባታችን በሌላ ከተማ እንደሱ ላለው ሰው ብቻ ጫማ የሚሠራ ቤት እንዳለ ሰምቶ መጣ፤ ፎርም ተላከልን።

ፎርሙን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ባለ እግሩ ባዶ እግሩን በካኪ ወረቀት ላይ ይቁም። ካጠረው እግር ሥር መጽሐፍ ተደርድሮ ወገቡ እኩል ይሁን። የሚስለው ሌላ ሰው ይሁን። እርሳሱ አይጋደም። መስመሩ ሳይነሳ ዞሮ ይግጠም። ትዕዛዝ በፖስታ ብቻ።

አባታችን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እናታችን ደግሞ እርሳስ ይዛ አታውቅም። ስለዚህ በአሥራ አንድ ዓመቴ መሬት ላይ ተንበርክኬ የወንድሜን እግር መሳል ለእኔ ደረሰኝ።

«ቁም እንጂ ጋሼ!»

«እየኮረኮርሽኝ እኮ ነው!»

«አልነካሁህም፤ እርሳሱ ነው የነካህ።»

«እርሳሱን የያዘው ማነው ታዲያ፣ ጎረቤት ነው?»

በሳቅ እየተንቀጠቀጠ መስመሩ ትንሿ ጣቱ ጋ ወጣ አለ። ሁለት ወር ቆይቶ ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። አናቱ ላይ በቀይ ማህተም «ድገሙ» የሚል ተመትቶበታል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፣ «ባለ እግሩ ስቋል» ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ያላየነውን ሰው አቶ ድገሙ አልነው። ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚሠራ አላወቅንም፤ ደብዳቤው ሁሉ «ሥዕል ክፍል» ብሎ ነው የሚያበቃው። ጽሕፈቱ ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነው። ያው ረጅም «ለ»፣ ያው የተጋደመ «ገ»፤ ኋላ ኋላ ብቻ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጫማው ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ያገለግላል። ባለቀ ቁጥር እንደ አዲስ ነው። ፋይላችን እነሱ ዘንድ እያለ እንደገና ሳሉ ይሉናል። ሳልን ስንልክ ሁለት ወር ቆይቶ ይመለሳል፤ ተረከዙ ጋ መስመሩ አልገጠመም፣ ድገሙ። ደግመን ስንልክ ተቀበሉን ማለት ነው፤ ምክንያቱም ምንም አይሉም። ከዚያ አራት ወር ዝም። የት ደረሰ ብሎ ረቡዕ ለደወለ አንዲት ሴት ታነሳና፣ «በደብዳቤ ይጠይቁ» ብላ ትዘጋለች። ሬዲዮ አንዴ ለዘመድ ሠርግ በዚያ ከተማ ሲያልፍ በራቸውን አንኳኩቶ ነበር። በመስኮት አንገቱን ያወጣ ሰው፣ «ፎርም ሞልተው ይላኩ» አለው።

«እዚሁ ቆሜልህ!» አለው ሬዲዮ።

«የቆመ አንቀበልም።»

ይህን ታሪክ ሬዲዮ ፀጉር ቤቱ ውስጥ መቶ ጊዜ አውርቶታል፤ ባወራው ቁጥር መስኮቱ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ነበር።

ደንበኞችም ጉዱን ያውቁታል። ወንድሜ አሮጌውን ጫማ በገመድ አስሮ አዲሱን ሲጠብቅ ባዩት ጊዜ፣ «ጌታው፣ ጫማህ ከጨረቃ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይሉታል። እሱ የሰውየውን ጭንቅላት በሁለት ጣቱ ወደ ፊት ደፋ አድርጎ፣ «ከጨረቃማ ቢሆን ወር በገባ ቁጥር ይመጣ ነበር» ይላል። መቀሱ አይቆምም።

የምናደደው እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጠመኔም ወንበርም አዝዣለሁ፤ ዕቃ እንዴት እንደሚታዘዝ አውቃለሁ። «ሰው አልጋ ላይ ሆኖ በስልኩ ጫማ በሚገዛበት ዘመን እኛ በካኪ ወረቀት!» እለዋለሁ። «ሌላ ቤት እንፈልግ።»

«ሚጣ» ይለኛል፤ ፀጉሬ ሸብቶም ሚጣ ነኝ። «አንድ ጊዜ አይቶ የሚቆርጥ ፀጉር አስተካካይ የሚቆርጠው ጆሮ ነው። ሰውዬው ይድገም፤ ተይው።»

አንድ ዓመት እኔ ታምሜ ስለነበር ሥዕሉን ሚስቱ ሳለችው። እጇ ከእኔ ይሻላል፤ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ናት። ተመለሰ። «መስመሩ ደህና ነው። የሳለው ሰው ግን ተቀይሯል። ድገሙ።» ሚስቱ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ ከማን ጋር እንደተኳረፈች ግን እሷም አላወቀችም። «በሉ እንግዲህ፣ የእግሩ ባለቤት እኔ አይደለሁማ!» እያለች እርሳሱን አመጣችልኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሞክሮ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሥራ የእኔ በመሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ እግሩን ለሰው አያሳይም። ቤቱ ውስጥ እንኳ እስኪተኛ ጫማውን አያወልቅም። ወደ እኔ ቤት ደረጃውን ሲወጣ አንዱ ጫማ ዱብ፣ አንዱ ቀጭ ይላል፤ ዱብ ቀጭ፣ ዱብ ቀጭ፤ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት የሻዩን ውኃ እጥዳለሁ። በሁለት ዓመት አንዴ ግን ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በእነዚያው ሁለት መጻሕፍት ላይ ይቆምልኛል። አንደኛው የእኔ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እጁን ጭንቅላቴ ላይ ያሳርፋል፣ እንዳይወድቅ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እዞረዋለሁ። በዚያ ሰዓት ስለ አባታችን፣ ስለ ድሮው ቤት፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ጥግ ያወራል። ሌላ ጊዜ አያወራም፤ ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ወሬ ሲሰማ ይውላል፣ ቤቱ ሲገባ ዝም ማለት ይወዳል።

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። የወንድሜ የመስኮቱ በኩል ያለው ነው። ሕፃን ሲመጣ በወንበሩ እጀታዎች ላይ ጣውላ ያጋድምና ያስቀምጠዋል፤ የፀጉር መቁረጫ ማሽኑን፣ ቶንዶሱን፣ ከማስነሳቱ በፊት የልጁ መዳፍ ላይ ያስነካዋል፣ እንዳይፈራ። ቆሞ መዋል ነው ሥራው። ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት። ጫማው ካልተስተካከለ ወገቡ፣ ወገቡ ካልቻለ ሥራው የለም። ስለዚህ ጫማው ለእኛ ቤት ጫማ ብቻ አልነበረም።

አምና አሮጌው ከሥሩ ተበላ። እንደ ልማዳችን መጻሕፍቱን አወጣሁ፣ ካኪውን ዘረጋሁ። ስስል እግሩ የወፈረ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አብጧል እንዴ?»

«ቆሜ ውዬ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም ላይ ነው የቆምኩት፣ ሚጣ።»

ሳቅኩ። ላክን። በሁለት ወሩ ተመለሰ፤ «ይህ እግር እኛ የምናውቀው እግር አይደለም። ድገሙ።» ደገምን። እንደገና ሁለት ወር። እንደገና ያው ቀይ ማህተም፣ ያው ቃል፤ «እኛ የምናውቀው እግር አይደለም።» በዚያ ጊዜ ወንድሜ አሮጌውን በሽቦ አስሮ ግማሽ ቀን ብቻ መሥራት ጀምሮ ነበር። ተሲያት ላይ ደረጃዬን ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ዱብ፤ ቀጭ፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ ዱብ። ጫማው ነው አልኩ። እሱም ጫማው ነው አለ።

ደሜ ፈላ። የማያውቁት እግር ነው ብለው የአርባ ዓመት ደንበኛቸውን ሌባ አስመሰሉት። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከሰባት ዓመት በፊት ተረከዙ አልገጠመም ብለው የመለሱት ሥዕል ነበር። አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት፤ አዲስ ካኪ ደረብኩበት፤ በብርሃኑ እያየሁ ገለበጥኩት። ተረከዙን አገጠምኩ። የሚያውቁትን እግር ላክሁላቸው።

ምንም ሳይሉ ተቀበሉ። ጫማው በሦስተኛው ወር መጣ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሞከረው። አልገባም። በማንኪያ ጀርባ አስገባው። ቆመ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ጫማውን ቁልቁል እያየ ብዙ ቆየ፤ የሰው ጭንቅላት አይቶ ልኩን የሚያውቅ ዓይን ነው ያለው።

«ሚጣ፣ ይሄኮ የድሮ እግሬ ነው።»

ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። «አቶ ድገሙን አታለልሽው! በአርባ ዓመት አንድ ቀን! እሱ እኮ ያምንሻል።» አለና አወለቀው። «ረቡዕ ደውይላቸው። ቆዳ ነው፣ ይዘረጋ ይሆናል።»

ያ ሰኞ ነበር። ረቡዕ ጠዋት በሽቦ የታሰረውን አድርጎ ሄደ። ሬዲዮ እንደነገረኝ፣ ገና ደንበኛ ሳይመጣ፣ ወንድሜ ነጩን ጨርቅ አራግፎ አጠፈና የራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቶት አያውቅም። «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልቁረጥልህ?» አለው ሬዲዮ። «ከጎኑ ብቻ ቀንስልኝ» አለው። ሬዲዮ መቀሱን ሊያመጣ ዞረ።

ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። ወጣት ነው፤ ወለሉን እያየ፣ «እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይከብዳል» አለኝ። ደግ ልጅ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት መሳቢያውን ላስተካክል ከፈትኩ። ወንድሜን ፍለጋ አልነበረም፤ እጄ ሥራ ቢያገኝ ብዬ ነው። የመጨረሻውን የተመለሰ ሥዕል ዘረጋሁት። ሰፊውን መስመር በጣቴ ዞርኩት። ከዚያ ገለበጥኩት። አቶ ድገሙ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባው ጽፎ ስለማያውቅ ገልብጬ አይቼ አላውቅም። ማህተሙ ፊት ለፊት ቦታውን ይዞበት ይሆናል፤ ጀርባው ላይ በሚንቀጠቀጠው ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፤

«ለሚስሉት። እጅዎን ከልጅነትዎ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይሳሳትም። እንግዲያስ የተለወጠው እግሩ ነው። ሁለቱም እኩል ሰፍተዋል፤ ይህ የቆዳ ሥራ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ ይዩት። ያኔም እንዲሁ ከሆነ ጫማው ይቆይና ሐኪም ይየው። ከዚያ በኋላ ድገሙና ላኩልኝ፤ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ እሠራዋለሁ።»

ጫማው እንዴት በሦስት ወር እንደደረሰ ያን ጊዜ ገባኝ። እግሩ ወደ ልኩ ተመልሷል፣ ድኗል ብሎ ነው።

ወረቀቱን ለወንድሜ ሚስት አላሳየሁም። አንድ ቀን አሳያት ይሆናል። አዲሱ ጫማ እሷ ዘንድ አልጋው ሥር ነው፤ አቧራ እንዳይጠጣ በጋዜጣ ጠቅልላዋለች። ሬዲዮ ፀጉር ቤቱን ብቻውን ከፍቷል። የመስኮቱን ወንበር ለደንበኛ አይሰጥም፤ ልጅ ሲመጣ ብቻ ጣውላውን ያጋድማል፣ ቶንዶሱንም መዳፉ ላይ ያስነካዋል።

ባለፈው ሳምንት ከጫማ ቤቱ ፖስታ መጣ። የታተመ ነው፤ ጫማው ደርሶ እንደሆነና ልኩ ተስማምቶ እንደሆነ ባለ እግሩ ፈርሞ እንዲመልስ ይጠይቃል። ከሥሩ በእጅ፣ «እንኳን ተሻለው» ይላል።

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እርሳሱም አጠገቡ። እስካሁን አልመለስኩለትም።