«ዘሩ ተበላሽቷል»

አዳማ ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን የሚያውቅ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ወደ እኔ ጋራዥ ይጠቁማችኋል። አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። አማርኛ ማንበብ ከጋዜጣ ቅዳጅ፣ እንግሊዝኛውን ከመኪና ማኑዋል ራሴ ለቀምኩት። ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ያላስታረቅኳቸው ባልና ሚስት ካሉ መታረቅ ያልፈለጉ ናቸው። ጉራ ነው ካላችሁ ይሁን፤ እውነት ግን ነው።

የበኩር ልጄ ራስ ምታት ጠናበትና ሲታይ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጭ አገር ሄዶ ተመረመረ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ እኔንና እህቴን አስቀምጣ፣ «ዕጢ እንዳያድግ የሚገታው ዘረመል ተበላሽቷል» አለችን።

ዘረመል ጥሩ ቃል ነው፤ ጥፋቱ «ዘር» የሚለውን አዝሎ መዞሩ ነው። እህቴ «መል» የምትለዋን መንገድ ላይ ጣለቻት። ገና ሞጆ ሳንደርስ በስልክ ለጠየቃት ሁሉ «ዘሩ ተበላሽቷል» ትል ነበር። ወሬው እኛን ቀድሞ ደራ ከተማ ገባ።

ደራ ያሉት ደግሞ ሴቷን ልጄን ያጩ ሰዎች ናቸው። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። የሙሽራው አጎት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ጠልተን አይደለም» አለኝ። «ሠርጉ ትንሽ ይቆይ። የዘር ነገር ስለሆነ ነው።»

«የማን ዘር ነው የተበላሸው?»

«እኛ መች አልን? ሐኪም ተናገረ አሉ እንጂ።»

በኦሮምኛ ይለዝብ ይሆናል ብዬ ወደዚያ ዞርኩ። እዚያም «ሰኚ» አሉኝ፤ ሰኚም ያው ዘር ነው። መሸሻ የለም። ለሐኪሟ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ልጄ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ጥግ ተቀምጧል። አየት አደረግኩት።

«ደውል አባዬ። የኔ ራስ ነው፤ ይስሙት።»

መልሱን አላውቀውም ነበር። ቢሆንም ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ፣ «ዶክተር፣ ይህ ነገር ከእኔ የወረደ ነው ወይ?» አልኳት።

«አይደለም አባባ። ደሙንም መርምረናል። ብልሽቱ ያለው ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲወለድ ይዞት አልመጣም። በዘር የሚወርድባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እርስዎ ቤት ግን አላገኘንም።»

«ታዲያ ምን አበላሸው?» አለ አጎትየው።

«ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አናውቀውም።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ እሱ ዞርኩ። «አይሱዙህ ፍሬን እምቢ ያለህ ጊዜ የአገሩ አይሱዙ ሁሉ ፍሬን አጣ?»

«ኧረ የኔው የፍሬን ሸራ ነው ያለቀው።»

«የልጄም እንደዚያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ሸራ አለቀ።»

«አባዬ፣ ጋራዥ አስገባኸኝ» አለ ልጄ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

አጎትየው ግን አልለቀቀም። «ቢሆንም ትንሽ ቢቆይ…»

«አይቆይም። ከፈራችሁ ልጄን ተዉልኝ፤ ካልፈራችሁ ቀኑ ያው ቀን ነው። ምርመራ ካማራችሁ ከራሳችሁ ሰባት ቤት ጀምሩ።»

ሙሽራዋ ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «የሚፈሩ ከሆነ እኔም አልፈልጋቸው» አለች።

«ፍሬን የሌላትስ ይቺ ናት» አለ አጎትየው። ሳቁ ሲበርድ ቀኑ እንደተቆረጠው ይሁን ብሎ ተነሣ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልናገር። ልጄን በተባለው ቀን ዳርኩ። ወንድሟ ባዶ ራሱን፣ ጠባሳው እየታየ ከፊት ቆሞ እንግዳ ተቀበለ፤ ኮፍያ አድርግ ያለውን ሰው ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ደራ ወርጄ በገበያ ቀን ወሬውን ካዛመቱት ጋር ተፋጠጥኩ፤ አቦምሳ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድም በስልክ ደረስኩ። ወንድ ልጄን ለጨረር ሕክምና አንድም ቀጠሮ ሳላስቀር አመላለስኩ። ዕጢው አይመለስም የሚል ቃል ሐኪሟ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልለመንኳትም። ቤቴ ውስጥ ማንም ተደብቆ እንዲታመም አልፈቀድኩም።