የአክስቴ ሚስኮል

ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ከጀመርኩ አላቆምም። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ የሚጠራ፣ የኃላፊው ስልክ ሲሞላ ፎቶ የሚያጠፋ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ራሱ የወሰደው ይመስል ሁሉም ዞሮ የሚያየው ሰው ነው።

ቢሮው ያለ ኮርማ፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ ላም የሚያዳቅሉ ሁለት ቴክኒሻኖች ነበሩት። ሁለቱም በሞተር ሳይክል ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ ይውላሉ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ደግሞ ቀጠሮ አትሰጥም። ጠዋት መጮህ ከጀመረች እስከ ማታ፣ ቢበዛ እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው፤ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ገበሬው ቶሎ መደወል፣ ቢሮውም ቶሎ መልስ መስጠት አለበት። አገሩ ሁሉ የሚደውለው ግን በሚስኮል ነው። አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ እስኪደወልለት ይጠብቃል። ካርድ ያለው መንግሥት ነው፣ እነሱ ይደውሉ ነው ነገሩ።

የቢሮው ስልክ ግን የደዋዩን ቁጥር የማያሳይ የጠረጴዛ ስልክ ነበር። ጮኾ ዝም ይላል፣ ማን እንደነበር አይታወቅም። ይህን አይቼ ነው እጄን እሳት ውስጥ የከተትኩት። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በያለበት ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ የሚሠሩት የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም አለ። እሱን አውርጄ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ጫንኩና ከቢሮው መስመር ጋር አገናኘሁት። ከዚያ በኋላ የደወለ ሁሉ፣ ማንም ባያነሳለትም፣ ቁጥሩ ዝርዝር ላይ ይያዛል። ጸሐፊያችን ዝርዝሩን እያየች ትደውላለች፣ ላሟ መቼ እንደፈለገች ጠይቃ ቴክኒሻን ትልካለች። ለወራት እንደ ልብ ሠራ። ኃላፊው ሳይቀሩ አመሰገኑኝ፤ እሳቸውን ሰው ማመስገን ጥርስ ከመነቀል እኩል ነው የሚያማቸው።

ከዚያ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲሄድ ሲመጣ አሮጌው ኮምፒዩተር አንድ ቀን ጭሶ ቀረ። በምትኩ መዳፍ የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር አገኘሁ። ፕሮግራሙ ግን የተጻፈው ትልልቅ ማሽን ባላቸው ሰዎች ነው። እዚህ ጋ ፋይል የለም ይላል፣ ያን ሳመጣለት እዚያ ጋ ሌላ ይጎድላል። ኔትወርኩ ደግሞ ለሰዓታት ሲያወርድ ቆይቶ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ይቋረጥና እንደ አዲስ ያስጀምረኛል። ልቤን አወለቀው። ሁለት ሳምንት ታግዬ ሲነሳልኝ ከራሴ ስልክ ደወልኩ፣ ከጸሐፊዋ ስልክ ደወልኩ፣ ከማዶ ካለው ሱቅ ደወልኩ። እስኪነሳ ድረስ አስጠራሁት፣ ሁሉም ተያዘ። እጄን አራግፌ ተነሳሁ።

ዝርዝሩ አጠረ። ድሮ ገጹን ይሞላ የነበረው አሁን ጥቂት መስመር ብቻ ሆነ። ጸሐፊዋ ሰዉ ሰነፈ አለች። ኃላፊው ደግሞ የአርሶ አደሩ ጥያቄ በአብዛኛው ተመልሷል ብለው ሪፖርት ጻፉ። እኔም፣ ላፍር ይገባኛልና ልናገረው፣ ነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚጠራኝ ሰው ቀነሰ።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጋፋት አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያለቻቸው አንዲት ዳለቻ ላም ነች። ጥጃዋ ጡት ከጣለች ቆይታ ወተቷ እየነጠፈ ስለነበር በዚህ ወቅት ካላረገዘች ሌላ ዓመት በባዶ መቀለብ አይቻልም። በአካባቢው ደግሞ ኮርማ የሚባል አልቀረም፣ ያደገው ሁሉ ተኮላሽቶ ለእርሻ ውሏል። ስለዚህ ተስፋቸው እኛ ቢሮ ነበር። ለእኔ በቀጥታ አይደውሉም። በወንድሜ ልጅ ተራ ዘለለች እንዳልባል ብለው ፈሩ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ ለቢሮው ሚስኮል ያደርጋሉ።

አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ላሟ ሐሙስ ዕለት ኮርማ ፈልጋ እንደነበር፣ ደውለው ማንም እንዳልመለሰላቸው ነገሩኝ። ሰኞ ዝርዝሩን አየሁ፣ የሉም። በሚቀጥለው ስሄድ ዝርዝሩ ላይ የሉም አልኳቸው፤ ተሳስተው ሌላ ቁጥር መትተው ይሆናል አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሆነ። በዚያን ጊዜ ሦስት ጊዜ አስጠርተው ዘግተው ነበር። ዝርዝሩን አየሁ፣ አሁንም የሉም። ትዕግሥቴ አለቀና ተቆጣሁ። ለምን እስኪነሳ ድረስ አያስጠሩትም፣ ምን አስቸኮለዎት አልኳቸው። ሥራ ላይ ያለን ሰው እያስጮሁ ማስጨነቅ ነውር ነው አሉኝ፤ ቁጥሬን ካዩ ይበቃቸው የለም ወይ። እኔ ደግሞ፣ ያሳደጉኝን ሴትዮ፣ የደወለ ሰው ዝርዝሩ ላይ ይገኛል ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ከእሳቸው ቃል ይልቅ መዳፍ የምታክል ሣጥን አመንኩ።

በሦስተኛው ጊዜ የሆነውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከማለዳ ጀምሮ ስልካቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ አሉኝ። ገብስ የሚታጨድበት ቀን ነበር፤ አጨዳ ለሚያግዟቸው ሰዎች ምሳ እንኳ ሳይወስዱ ቀሩ። ደጋግማ ኮርማ ስትፈልግ እያየ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ላሟ መካን ናት ማለት ጀምሯል። አንዳንዱ ደግሞ ሴት ብቻዋን ላም መጠበቅ አትችልም፣ ቀኗን አሳልፋባት ነው ይላል። እሳቸው ለእኔ ምንም አላሉኝም። ምን ይበሉኝ? መልሴን ያውቁታል።

በሳምንቱ አንድ ገበሬ ከሐሙሲት በኩል በሚኒባስ ተሳፍሮ ቢሮ መጣ። ደሙ ፈልቷል። ጸሐፊዋ እንደተለመደው ዝርዝሩ ላይ የሉም አለችው። ሰውየው አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ተመልከት አለኝ። የደወለበት ቀን፣ የደወለበት ሰዓት፣ የእኛ ቁጥር፣ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። የራሴን ስልክ አወጣሁና እፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እነሱ ደወልኩ፤ አንዴ አስጠራሁ፣ ዘጋሁ። ዝርዝሩን ከፈትኩት። የለሁም። እንደገና ሞከርኩ። አሁንም የለሁም። ገጠር ያደግሁ፣ ተማሪ ቤት ሳለሁ በሚስኮል የኖርኩ ሰው፣ ያንን ማሽን ስፈትሽ አንድም ጊዜ ሚስኮል አላደረግሁበትም። ደመወዝ ሲገባልኝ እንደ ሀብታም መደወል ጀምሬ ኖሯል።

ወዲያው ጋፋት መሄድ ነበረብኝ። ስልክ አንስቼ፣ እትዬ፣ እርስዎ ደውለዋል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አልደወልኩም። አፈርኩ። ቀኑን ቆጠርኩና ላሟ እንደገና እስክትፈልግ ሁለት ሳምንት እንደቀረ አየሁ። መጀመሪያ ልጠግነው፣ ከዚያ ይዤ ልቅረብ አልኩ። ባዶ እጄን ከምሄድ ሠርቼ ብሄድ ይሻላል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፍኩ። ትሑቶች ናቸው፣ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሳቸው ግን አንጀት ያቃጥላል። አንደኛው በእኔ ማሽን ላይ በደንብ ይሠራል አለኝ። ይሠራል እንጂ፣ ማሽንህ በሬ ያክላል። ሌላው አዲሱን ቅጂ አውርደህ ሞክር አለኝ፤ እሱን ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ልዩነት የለውም። ሦስተኛው ደግሞ በቅንነት ጠየቀኝ። ስልኩ ሳይነሳ የዘጋ ሰው መነጋገር አልፈለገም ማለት ነው፣ ታዲያ ለምን ይመዘገባል? ይህን ሳነብ ተነስቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ከዚያ ተቀምጬ ሚስኮል ምን እንደሆነ፣ ላም ምን እንደምትፈልግ፣ ለምን ያህል ሰዓት እንደምትፈልግ ገጽ ሙሉ ጻፍኩለት። መሃል ላይ የገባችውን ስድብ ከመላኬ በፊት አጠፋኋት።

መልስ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ኮዱን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። በስልክ መስመር የደዋዩ ቁጥር የሚመጣው ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ እንደ አጭር ጩኸት ሆኖ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩ ገና አልመጣም ለማለት ከዜሮ በታች የሆነ ምልክት ያስቀምጣል፤ ያንን ምልክት ካየ ትንሽ ይታገሣል። በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ምልክቱ እንደተቀመጠ ይነበባል። በእኔ ትንሽ ማሽን ላይ ግን ምልክቱ የሚቀመጥበት ቦታ ከዜሮ በታች የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትልቅ ቁጥር አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጥቷል ብሎ ያምናል፣ ሲያየው ባዶ ነው፣ የማይረባ ጥሪ ብሎ ይጥለዋል። ስልኩ መጥራቱን ከቀጠለ እንደገና ያይና ያገኘዋል። አንዴ ጠርቶ የሚዘጋውን ግን ዞሮ አያየውም። ሰዉን ሁሉ ያስለቀሰው ይኸው ነው። ለማስተካከል፣ ከዜሮ በታችንም ቁጠር የሚል አንድ ቃል ጨመርኩ። አንድ ቃል ብቻ። ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ፣ ሳቅሁ፣ ጸሐፊዋ ደህና ነህ ወይ አለችኝ።

ማስተካከያውን ላክሁ፣ ተቀበሉት፣ አመሰገኑኝም። ላሟ ልትፈልግ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ማሽኗን ከተከልኩበት ቀን ጀምሮ በመስመሩ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ለፍተሻ ብዬ አስቀምጬ ነበር። ያንን ድምፅ በተስተካከለው ፕሮግራም አሳለፍኩት። የጠፉት ቁጥሮች ከተቀበሩበት እየወጡ ገጹን ሞሉት። የአክስቴን ፈለግሁ። ሐሙስ፣ ማለዳ፣ አንድ ጊዜ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማለዳ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያም ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር፣ ሰባት ጊዜ። አንዱንም አላሳለፉም። ወረቀቱን አትሜ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼ በእግሬ ወደ ጋፋት ወረድኩ። መንገዱን ግማሹን ሮጥኩት።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ላሟ የምትታሰርበት ግንድ ላይ ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ላሟ የት ሄደች አላልኩም። እሳቸው ቀድመው፣ ባለፈው ገበያ ሸጥኳት አሉኝ፤ የሥጋ ነጋዴ በመኪና ጭኖ ወሰዳት። እየቀለቡ የማትወልድ ላም ማቆየት እስከ መቼ ነው አሉ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ማንበብ አይችሉም፣ አነበብኩላቸው። እያንዳንዱን ቀን፣ እያንዳንዱን ሰዓት። ከዚያ መናገር የነበረብኝን ከብዙ ጊዜ በኋላ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ደውለዋል። ሁሉንም ደውለዋል። ያልያዘው የእኔ ማሽን ነው።»

ምስሩን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያ ጥፋቱ የእሷም አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ወደ ግንዱ አዩ። «ጭድ ጨራሽ ብዬ ሰድቤ ነው የሸኘኋት» አሉ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ ሰምተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። አሁን ይይዛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይይዛል አልኩ። በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ስልክ አውጥተው፣ በቃላቸው የሚያውቁትን የቢሮውን ቁጥር አንድ በአንድ ተጫኑ፤ አንድም አልተሳሳቱም። አንዴ አስጠሩ፣ ዘጉ፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ።

ብዙ አልቆየም፣ ጮኸ። ጸሐፊያችን ነች። ድምፅዋ ውጭ ድረስ ይሰማል። እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ደውለው ነበር፣ ላምዎ መቼ ነው የፈለገችው አለች።

አክስቴ ስልኩን ትንሽ አዩትና ወደ እኔ ዘረጉት። ተቀበልኩ። በስህተት ነው የተደወለው አልኳትና ዘጋሁት።