ጠላውን ያልጨለጠ አማች

ኮቦ በሄድኩ ቁጥር የማልታገሠው አንድ ወሬ አለ። የዛሬ ልጅ መጠጥ ትቷል፣ ለስላሳውን ይዞ ሞባይሉ ላይ አቀርቅሮ ይውላል፣ ለዛ የለውም፣ ጨዋታ አያውቅም ይባላል። ይህን የሚሉት የአባቴ እኩዮች ናቸው። አንዱ ጫቱ ነው ይላል፣ ሌላው ጴንጤ እየሆኑ ነው ይላል። እኔ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱን ሰማይ ምድር ሲፈልጉ ራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ አይጠረጥሩም።

ያደግሁት ጠላ በማይጠፋበት ቤት ነው። የእናቴ የማሽላ ጠላ በሰፈሩ ስሙ የተጠራ ነበር፤ ከሁሉ በፊት የሚያሞግሰውም አባቴ ነው። የገበያ ቀን ከዋጃ ከመጡ ወዳጆቹ ጋር ሲጋበዝ ይውልና፣ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ከመንገድ ዳር እናስገባዋለን። የሚገርመው ብቻችንን አለመሆናችን ነው። ከክፍላችን ልጆች ስንቱ አባቱን እንደዚያው ደግፎ ሲመጣ እናገኘዋለን። ተያይተን እንዳልተያየን እንተላለፋለን፣ በነጋታው ትምህርት ቤት አንስተነው አናውቅም። ቤት ሲገባ ደግሞ ዱላው እናቴ ላይ ነበር፤ ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ሞባይል ኮቦ ገና በገባበት ሰሞን አንድ የጎብዬ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ሁለታችንም ሮቢት እናስተምር ነበር። አይጠጣም። ለምን ብዬ ስጠይቀው እሱም አባቱን ደግፎ ያደገ መሆኑን ነገረኝና፣ ሽታውን በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ አለኝ። ለኔ ከዚህ በላይ የወንድ ቁም ነገር አልነበረም። እሱን ካላገባሁ ማንንም ላላገባ ለራሴ ቆርጬ ነበር።

በኛ ሰፈር ሽምግልናው ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይጠራል። የልጅቷ አባት በእጁ ጠላ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ልጁ ተቀብሎ ከጨለጠ አማች ሆነ ማለት ነው፣ ምርቃቱ ይከተላል። እኔና እናቴ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆመን እናያለን። ልጁ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ከንፈሩን ነካ አድርጎ በትሕትና መለሰው። አባቴ አልተቀበለውም።

«ጨልጠው» አለው።

«አልጠጣም አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጥያቄው ወረደበት። መድኃኒት ጀምረህ ነው ወይ አሉት። ስለት አለብህ ወይ አሉት። አባቴ ከሰፈሩ ከጠራቸው ሽማግሌዎች መሀል ጎረቤታችን ሸኹ ነበሩና እናቴ ለሳቸው የማያሰክር የገብስ ቀሪቦ አዘጋጅታ፣ እሱን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁ የግድ መጠጣት ካለብኝ ከሳቸው ቀሪቦ ይቀዳልኝ ሲል ቤቱ ተናጋ። ሰልሟል ማለት ነው ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ማተብህን አሳየን አሉት። መምህር የሚባል ሰው፣ ተማሪዎቹ የሚነሱለት ሰው፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ የሸሚዙን አንገት ከፍቶ ማተቡን አሳየ። ሸኹ አስተግፊሩላህ ብለው፣ ልጁን ተዉት፣ እኔስ መች ጠጣሁ ቢሉ፣ የእርስዎማ ሃይማኖት ነው ተባሉ።

አባቴ ጣሳውን ከልጁ እጅ መልሶ ወሰደ። «ከእጄ ያልጠጣ ልጄን አይወስድም። ወንድ እንኳ አይደል» አለ።

ሽማግሌዎቹም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በገዛ እግሩ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን ወንድ አይደለም ሲል አንድ ሰው እንኳ አላፈረም። ልወጣ መጋረጃውን ስይዝ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ መለሰችኝና ራሷ ወጣች። እናቴ ሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም።

አባቴ አጠገብ ሄዳ ጣሳውን ከእጁ ወሰደችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አባቴ እኔን ለዚህ ሰውዬ የሰጡኝ በአንድ ትንፋሽ ስለጨለጠው ነው» አለች። «ወንድ ነው ብላችሁ የመረቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ስጮኽም እዚሁ ጎረቤት ነበራችሁ።»

ከተቀመጡት መሀል ሁለቱ በሷ ሽምግልና የነበሩ ናቸው። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩዋትም። ልጁንም እኔንም የረሱን መሰለ። እናቴ ወደኔ ዞራ ቀሪቦ እንዳመጣ አዘዘችኝ፤ አመጣሁ፤ እሷው በእጇ ለልጁ ሰጠችው፤ እሱም ቆሞ ጠጣው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ፣ መርቁ እንግዲህ አለ።

በዚያ ምርቃት ተጋባን። ለሠርጌ ጠላውን የጠመቀችው እናቴ ናት፣ ጋኑ ሲከፈት መጀመሪያ የቀመሰውም አባቴ ነው። እኔን ከዚያ ቤት አወጣችኝ። እሷን የሚያወጣ ሽማግሌ ግን ማንም አልላከም፤ እሱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ስትጠምቅለት ኖረች።