የየኔታን እጅ የመራሁ ዕለት

በየጾሙ እናዘዛለሁ። ስካሬን፣ ምቀኝነቴን፣ ሠራተኛ ላይ መጮኼን ሁሉ ለነፍስ አባቴ ዘርዝሬ አውቃለሁ። ይቺን አንዷን ግን እዘላታለሁ። እሳቸውም እንደኔ የየኔታ ተማሪ ነበሩ፤ ከነገርኋቸው በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር። እናንተ ብትንቁኝ ገበያ ላይ አላገኛችሁም።

ሥራዬ ቤት ነው። እዚህ ላሊበላ ያረጀ ቤት እገዛለሁ፣ አድሳለሁ፣ ለእንግዳ አከራያለሁ። ቤት ሲገዛ እንከኑ ይጋነናል፣ ሲሸጥ ይሸፈናል። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ የንግድ ነገር ነው እያልሁ ስንት ዓመት ኖርሁ። ኧረ ምን ንግድ።

የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ ሰው ናቸው። አባቴ ሲሞት ከገዛ ማዕዳቸው ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ፣ ዓይናቸውም ከጠፋ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በድንጋይና በጭቃ የተሠራች፣ ደርብ ያላት ቤት ናት። ከአልጋቸው ሆነው ቅዳሴ ይሰማሉ፤ ከዚህ ዓለም ከዚያ በላይ የሚሹት አልነበረም። እኔ ግን ቤቷን ከጀልኋት። እንዲያ ቤተ ክርስቲያኑን ፊት ለፊት የሚያሳይ መስኮት ያለው ቤት በከተማው የለም።

አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የምሥራቁ ግድግዳ ተሰነጠቀ። የኔታ አስጠሩኝ። “ቤት አዋቂው አንተ ነህ፤ እስቲ እይልኝ” አሉ። ግንበኛ ይዤ ሄድሁ። ግንበኛው ዞር አድርጎኝ “አንዲት ስንጥቅ ናት፤ የጣሪያውን ውኃ አቁሙት እንጂ እኔ በሁለት ቀን እደፍናታለሁ” አለኝ። ሸኘሁትና ተመልሼ ገባሁ። የየኔታን እጅ ያዝሁ።

ልብ አድርጉልኝ፣ ያደረግሁት ይህ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን የስንጥቁ ራስ ላይ አሳረፍሁት። “ይሄ የምሥራቁ ነው፣ የኔታ” አልሁ። ከዚያ ክፍሉን አዟዙሬአቸው እዚያው ግድግዳ ፊት መልሼ አቆምኋቸውና ያንኑ ስንጥቅ መሐሉን አስነካኋቸው። “ይሄ ደግሞ የሰሜኑ።” እንደገና አዞርኋቸው። ሦስተኛውን ከሥር አስነካኋቸው፤ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸውን ደግፌ ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ግንበኛው ቤቷ ይህን ክረምት አትዘልቅም ብሏል” አልኋቸው። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ማን አስገደደኝ? ርቦኝ ነበር? አልራበኝም።

የኔታ መዳፋቸውን ከግድግዳው ላይ አነሡ። “ማሳደሻ አቅም የለኝም፤ ካልህስ ግዛትና አድሳት፤ ብቻ ከቅዳሴው ድምፅ አታርቀኝ” አሉ። “አድሼ ታችኛው ክፍል እመልስዎታለሁ” ብዬ አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁ። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለመፍረስ የተቃረበ ቤት መሆኑን ጻፍሁ፤ የታችኛውን ክፍል ነገር አልጻፍሁም። ሳነብላቸው ግን ያልጻፍሁትን ጨምሬ አነበብሁ። እማኞቹም “የየኔታ ልጅ አይደል?” ብለው ወረቀቱን ሳያዩ ፈረሙ። ማንበብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው እኮ።

የኔታ እድሳቱ እስኪያልቅ ብለው ወደ ሙጃ ከተማ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ሄዱ። ስንጥቁ በሁለት ቀን ተደፈነ። ታችኛው ክፍል የእንግዳ መታጠቢያ ሆነ። እኔ “ገና ነው፣ ትንሽ ይታገሡ” እያልሁ መልእክት እልክ ነበር።

በዓመቱ ካርታውን በስሜ ላዛውር ማዘጋጃ ቤት ብሄድ የሻጩ አሻራ ደብዝዟል፣ በአዲስ ቅጽ አስፈርመህ አምጣ ተባልሁ። ሙጃ የሄድሁት ለዚህ ነው፤ ልጠይቃቸው አይደለም። የኔታ በር ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

“ስንጥቁ አንድ ነበር” አሉ።

ያወጣሁትን ወረቀት መልሼ ኪሴ ከተትሁ።

“ያን ቤት አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህም ግድግዳውን በየቀኑ በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንዱን ሦስቴ አስነካኸኝ። ያን ዕለት እጄን ጠረጠርሁት እንጂ አንተን አልጠረጠርሁም። ልጄ ነዋ፣ ልጄ እንዴት ይዋሸኛል ብዬ።” ድምፃቸው ከፍ አላለም። “እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን እጄ ልክ እንደነበር ገባኝ። በል አምጣ ወረቀትህን።”

ወረቀቱን ቀዶ ጣለው፣ እግራቸው ላይ ወደቀ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልቀደድሁም። የቀለሙን ክዳን ከፍቼ፣ አውራ ጣታቸውን ይዤ አስፈረምሁ። በቀጣዩ ሚኒባስም ተመለስሁ።

ብዙም አልቆዩም፤ እዚያው አረፉ። ለቀብር ወደ ደብራቸው አመጣናቸው። አስከሬኑ በቤቷ ፊት ሲያልፍ እንግዶቼ በመስኮቱ ፎቶ ያነሱ ነበር። እኔ ቃሬዛውን ተሸክሜ ነበር፤ ጮኼም አልቅሻለሁ። ሰዉም “ተማሪ ማለት እንዲህ ነው” አለኝ። 

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የከዳሁት እናንተን አይደለም፤ የከዳኋቸው ሰው አፈር ለብሰዋል። ቤቷን ለእህታቸው ልጅ ልመልስ ብዬ ስንት ጊዜ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥሁ። ዛሬም ቤቷ በስሜ ናት። ዛሬም እንግዳ አለባት።